መልእክት የለውም

ወንዴን ያሳሰረችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ቢሆን እሱ አልጻፋትም።

«ባጃጄን መልሱ» የሚለው የመጀመሪያው ፊልሙ በጎንደር ቪዲዮ ቤቶች ታይቶ፣ ከዚያም በየሰው ስልክ ተገልብጦ፣ ከተማው ሆዱን ይዞ የሳቀበት ነበር። ባጃጁን የተሰረቀ ሹፌር ሌቦቹን ያሳድዳል፤ በደረሰባቸው ቁጥር ይደበደባል፤ መጨረሻ ላይ ባጃጇን ያገኛል። አለቀ። በሁለተኛው ክፍል ባጃጇ ደግማ ትሰረቃለች፣ ያውም ሙሽራ እንደተሳፈረችባት። ወንዴ ኑሮው ባጃጅ መንዳት ነው፤ የፊልሙ ግን ደራሲውም፣ አዘጋጁም፣ ተደብዳቢውም ራሱ ነው። ለማስታወቂያው «ቁጥር ሁለት ከቅዳሜ ጀምሮ» ብሎ ጽፎ ለማተሚያ ቤት ሰጠ። ማተሚያ ቤቱ ደንበኛ አክባሪ ነውና አሳምሮ «ሁለተኛው ዙር ከቅዳሜ ጀምሮ!» አለለት። ከሥሩ ወንዴ ቡጢውን ጨብጦ ቆሟል። ባጃጇ ወረቀቱ ስላልበቃት ተቆርጣ ቀርታለች።

ማስታወቂያው ሐሙስ ረፋድ ላይ ፒያሳ ተለጠፈ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዳቦ ቤቶች ባዶ ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ሻማ ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወደ እንፍራንዝ የሚወጣው ሰው የወትሮው እጥፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ «ዙር» ሲባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ፊልም ሳይሆን ወደ ተኩስ ነበር። ቅዳሜ ፊልሙ ሳይታይ ቀረ፤ ወንዴን ግን ዓርብ ከሰዓት ወስደውታል።

ፊልሙን ከመረመሩት ሦስት ሰዎች አንዱ አለበል ነው። አለበል በልጅነቱ አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ፣ ሊመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ጥሎ የወጣ፣ ኋላ አማርኛ ያስተማረ፣ አሁን ደግሞ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት «የቋንቋ ባለሙያ» የሚባል ሰው ነው። ሥራው በየበዓሉ የሚሰቀሉ ባነሮችን ማረም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐመሩን «ሐ» ከሃሌታው «ሀ» ሲለይ ኖሯል፤ ባነሩ ግን ሁልጊዜ እርማቱ ሳይደርስ ይሰቀላል። ቅኔ ቤት ሳለ የሌላውን ተማሪ ቅኔ ሰምቶ ወርቁን ከሰሙ ሲፈለቅቅ፣ መምህሩ «ይኸ ልጅ ድንጋይ ቢሰጡት ሁለት ትርጉም ያወጣለታል» ይሉት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ የሰጠው ሰው የለም።

ለእነ አለበል መሥሪያ ቤት ወንዴን ካሰሩት ሰዎች ደብዳቤ የመጣው እሱ በታሰረ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። «ባጃጄን መልሱ ቁጥር ሁለት የተሰኘው የድብድብና የኮሜዲ ፊልም ፖለቲካዊም ሆነ ማኅበራዊ መልእክት ያለው መሆን አለመሆኑ ተጣርቶ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ይገለጽልን» ይላል። አለበል ግን ወሬውን ከደብዳቤው ቀድሞ ሰምቶታል። የወንዴ ሚስት እፀገነት ሳሙና በር ሰፈር ከእሱ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምትኖረው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አያ አለበል፣ ፊልሙን የምታዩት እናንተ ናችሁ አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«የታሰረበት ግቢ ጥበቃ ነዋ፤ ትናንት ምሳ ላደርስ ስሄድ። ሰኞ ጠዋት ማኪና ይመጣል አለኝ። ስሙ ያልተሰረዘውን ሁሉ ጭኖ ይሄዳል።»

«ወዴት?»

«እሱን እሱም አያውቅም። ብቻ ‹መልእክት የለውም› የምትል ወረቀት ከናንተ ከሄደች የወንዴ ስም ይሰረዛል። ምነው አሰራችሁት ስላቸው ‹ፊልሙ ይታይ› ነው መልሳቸው።»

«ለመሆኑ መልእክት አለው እንዴ?»

«ኧረ አያ አለበል! ወንዴን መቼ አጡት? ለኔ ለሚስቱ እንኳ መልእክት ልኮ አያውቅም።»

አለበል ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በኔ ጣይው» አላት። ቃሉን ሲሰጣት ከልቡ ነበር፤ ይኸ በኋላም አልተለወጠም።

ምርመራው የተካሄደው መብራት ስላልነበረ በልዕልት ላፕቶፕ ነው። ልዕልት ቲያትር ተምራ የወጣች፣ ከሦስቱ በዕድሜ ትንሿ፣ በፊልም ግን ብቸኛዋ አዋቂ ናት። ባትሪው ከአርባ ደቂቃ በላይ ስለማይቆይ ፊልሙ በሦስት ቁራጭ ታየ፤ በየመሀሉ ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ይሞላል። ሰብሳቢው አቶ ይታየው ነው። አቶ ይታየው ከወንበሩ ሳይነሳ የሚፈራ ሰው ነው፤ ፍርሃቱን ሁሉ ተቀምጦ ይጨርሰዋል።

«ስብሰባው ተከፍቷል» አለ። «ሳቅ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

«ምን?» አለች ልዕልት።

«ማን፣ የት ቦታ ላይ፣ ምን ያህል እንደሳቀ። ነገ ጥያቄ ይነሳል።»

ፊልሙ ጀመረ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ትራፊክ ፖሊሱ ወንዴን አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ወንዴ ሲያወጣ ከኋላ የተሳፈረች ፍየል ነጥቃ ትበላበታለች። ትራፊኩ ትንሽ ያስብና ፍየሏን «እንግዲያው መሪውን አንቺ ያዢ» ይላታል። ቀድሞ የሳቀው አቶ ይታየው ነው፤ እንባው እስኪወርድ። ከዚያ ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«አቁሚው! እኔ ለምን ሳቅሁ?»

«ስለሚያስቅ ነዋ።»

«አይደለም። ሰው ዝም ብሎ አይስቅም፤ አንድ ነገር ገብቶኝ ነው። ምን እንደገባኝ ይጣራ። መርጌታ፣ ይኸን እርስዎ ይያዙት።»

አለበል መርጌታ ሆኖ አያውቅም፤ ይታየው ግን ከባድ ነገር ሊያሸክመው ሲፈልግ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚጠራው። አለበል ማስታወሻው ላይ «ፍየል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ እጁ አላረፈም።

ፊልሙ አልቆ ሦስቱ ተያዩ። ሦስቱም መልእክት አላዩም። አቶ ይታየው እንኳ «እውነት ለመናገር ባጃጅ ነው ያየሁት» አለ።

«እንግዲያው አንድ መስመር ይበቃል» አለች ልዕልት። «‹አይተነዋል፤ መልእክት የለውም።› ፊርማ፣ ማኅተም። አሁኑኑ ይዤ ልሂድ።»

«ቆይ» አለ አለበል። «አንድ መስመር ያላየ ሰው ነው የሚያስመስለን። ‹የለውም› ማለት ቀላል ነው፤ ለምን የለውም? የሚያነበው ሰውዬ ይጠረጥራል። የሚጠረጥረውን ቀድመን አስበን፣ አንድ በአንድ አንሥተን፣ አንድ በአንድ መጣል አለብን። እኔ ልጻፈው።»

«ጋሽ አለበል፣ ያልጠየቁንን ነው የምንመልሰው?»

«ያልጠየቁትን መልሰንላቸው መጠየቂያ እናሳጣቸዋለን።»

ይኸ አነጋገር ለራሱም ደስ አለው። አቶ ይታየው ደግሞ የሚጽፈው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ በቅቶት ተስማማ።

አለበል ሐሙስን ሙሉ በር ዘግቶ ጻፈ። መጀመሪያ ከርእሱ ተነሣ። «‹መልሱ› የሚለው ቃል በብዙ ቁጥር የተነገረ ትእዛዝ በመሆኑ፣ ባጃጇን በልዩ ልዩ ወገኖች ተወሰደብን ለሚባል ሌላ ነገር መሸፈኛ አድርጎ ለሚያይ ሰው በር ሊከፍት ይችላል። ሆኖም ሌቦቹ ሦስት ስለሆኑ ሰዋስው ራሱ ብዙ ቁጥርን ያስገድዳል።» ሸጋ ሆነለት። ሌባው «አለቃ» መባሉን አነሣ፤ ቃሉ ለመንግሥት ሹም ብቻ ሳይሆን ለቤተ ክህነት ሹምም እንደሚያገለግል አስረዳ፤ በዚህም መንግሥትን ከነገሩ ውጪ ያደረገ መሰለው። የሊማሊሞው ቁልቁለት ትዕይንት መንገዱ ስለተዘጋ ኮሶዬ ላይ ተቀርጾ፣ «ሊማሊሞ» ተብሎ የተጻፈ ካርቶን መንገድ ዳር ቆሟል። ይኸ በመንገዱ መዘጋት ለማሽሟጠጥ የቆመ እንዳልሆነ፣ ወንዴም ሊማሊሞን ከልቡ ፈልጎ መሄጃ እንዳጣ በግማሽ ገጽ አብራራ። ጨለማ ውስጥ የተደረገውን ድብድብ መብራት ስለጠፋ ነው አለ፤ መብራት መጥፋቱም መልእክት እንዳልሆነ ጨመረ። ፍየሏንም አልተዋትም።

ሰባተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ ተነሥቶ ቆመ። ወንዴ ባጃጇ አልነሣ ስትለው በርከክ ብሎ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ «ተነሽ! ተነሽ እንጂ፣ እስከ መቼ ትተኛለሽ?» የሚላት ቦታ አለ። አለበል ይኸን ሲያይ ስቋል፤ ሳቁ ቃለ ጉባኤ ላይም አለ። አሁን ግን ቃሉ ሲገለጥለት ጀርባው ላይ አንድ ነገር ሲሮጥ ተሰማው፤ ከቅኔ ቤት ከወጣ ወዲህ ተሰምቶት አያውቅም። ተቀመጠና ጻፈ። «አገር በአንስታይ ጾታ ስለምትጠራ ‹ተነሽ› የሚለው ጥሪ ለአገር እንደተጠራ አድርጎ የሚሰማ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ባጃጅም በልማድ በአንስታይ ጾታ ትጠራለች። ስለዚህ ጥሪው ለባጃጅ ብቻ ነው።»

ሲጨርስ ዘጠኝ ገጽ፣ አሥራ አንድ ነጥብ ሆነ። በዘጠነኛው ገጽ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣ «ከላይ በዝርዝር በተገለጹት ምክንያቶች ፊልሙ ምንም ዓይነት መልእክት የለውም» አለ። እጁ ዝሎ ስለነበር ያቺ መስመር ከሁሉ አንሳ ተጻፈች።

ዓርብ ጠዋት ልዕልት አነበበችው። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ጋሽ አለበል፣ ይኸ የክስ ቻርጅ ነው።»

«መከላከያ ነው እንጂ! እስኪ ጨርሺው።»

«‹ተነሽ› የተባለችው አገር እንደሆነች እኔ አላሰብኩም ነበር። አሁን አሰብኩ። እነሱም ያስባሉ።»

«ከሥሩ ማስተባበያው አለ አይደል?»

«ማን ከሥር ያነባል? እባክዎ የመጨረሻዋን መስመር ቆርጠን እሷን ብቻ እንላክ።»

አለበል ቅር አለው። ቅር ያለው ስለ ወንዴ አልነበረም፤ ለወንዴ ደኅንነት ከዘጠኝ ገጽ የተሻለ የለም ብሎ አምኗል። ቅር ያለው ስለ ሰባተኛው ነጥብ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የዘጠኝ ገጽ ሥራ በመቀስ ይቆረጣል?»

አቶ ይታየው ወረቀቶቹን አንድም ሳያነብ በእጁ መዘናቸው። «ይኸ ነው ሥራ!» አለ። «እኛን የሚጠይቀን አይኖርም።» ፈረመ። ልዕልትም ሰዓቱን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከስድስት በኋላ ወረቀት አይቀበሉም። ፈረመች፤ ስትፈርም ግን ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አለበል ወንዴ ወደታሰረበት ግቢ ተጠራ። የጠራው ኃላፊ ስሙን አልነገረውም፤ ወንበር ግን ሰጠው፣ ውኃም አስመጣለት። ዘጠኙ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነጥቦቹ በቀይ ተሰምሮባቸዋል። «ሆኖም» እና «ይሁን እንጂ» ከሚሉት በኋላ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ቀይ አልነካውም።

«አባት፣ በጣም እናመሰግናለን» አለ ኃላፊው። «እኛ እኮ የያዝነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማስታወቂያውን። እሱንም ማተሚያ ቤቱ ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት› ብሎ ስላመነ ወንዴን ሰኞ ልንለቀው ነበር። እርስዎ አሥራ አንድ አገኙ።»

«አላገኘሁም! እኔ የለውም ነው ያልኩት!»

«መጨረሻ ላይ ብለዋል፤ አይተነዋል። ሰው ይፈራል፤ እንረዳለን። ከፍርሃት በፊት የጻፉት ነው የሚጠቅመን።»

አለበል ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ ቆሞ፣ «ፊልሙ መልእክት የለውም፤ አለበል» ብሎ ጽፎ አስቀመጠለት። ኃላፊው አንሥቶ አነበበው፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ።

«ይኸ ማስረጃ የለውም» አለ በትሕትና። «ያኛው ማስረጃ አለው።»

ሲወጣ ወንዴን በሽቦው አጥር በኩል አየው። ፀሐይ ሊሞቁ ካስወጧቸው ሰዎች መሀል ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ከሳ ከማለት ሌላ ያው ነው ብሎ ሊያልፍ ሲል ወንዴ አይቶት ፈገግ አለ። የላይ ሁለት ጥርሱ የለም። ፊልሙ ላይ ጥርሱ ሲረግፍ የሚወድቀው የተቀቀለ በቆሎ ነው፤ አለበል ይኸን አውቆ ነበር የሳቀው።

«አያ አለበል! ‹ተነሽ› የምትለዋን ያገኟት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ለመከላከል ነው ወንዴ። ከሥሩ እኮ—»

«አውቃለሁ፤ ከሥሩ ሸጋ አድርገው መልሰውልኛል አሉ። ከሥሩ ያለውን ግን አላነበቡልኝም። የላይ የላዩን ብቻ ነው የሚጠይቁኝ።»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም...»

«ኧረ ግድ የለም። ትናንት ከሰዓት ስለ ሰባተኛው ሲጠይቁኝ አራት ሰዓት ፈጀ። ኋላ ለራሴም እውነት መሰለኝ። አያ አለበል፣ እኔ ይኸን ሁሉ የማስብ ሰው ብሆን ባጃጅ እነዳ ነበር? የርስዎ ወንበር ላይ ነበር የምቀመጥ።»

ጥበቃው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ወንዴ ሰው ሲስቅለት ደስ ይለው ነበርና እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለግድግዳው፣ ለጥበቃው፣ ለአለበልም እጅ ነሣ። ከዚያ ጊዜው አለቀ ተብለው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ማኪና መጣ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ። ሸራው ስለወረደ ማን የት እንደተቀመጠ አልታየም። አጥሩ ውጪ የቆሙት ሴቶች ስም ሲጣሩ ከውስጥ ብዙ ሰው ባንዴ ስለሚመልስ አንዱም ድምፅ አልለይ አለ። ማኪናዎቹ በአዘዞ መንገድ ታጠፉ፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄዱ የሚናገር የለም።

አለበል ከእፀገነት ጎን ቆሞ ነበር። ምሳ ዕቃውን ሳታቀብል ቀርታ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ጥበቃው ነገረኝ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «የርስዎን ወረቀት ነው እያነበቡ የጠየቁት አለኝ። ምን ብለው ነው የጻፉ?»

«የለውም ብዬ ነው የጻፍኩት እፀገነት። እግዜር ያውቃል። መጨረሻው ላይ አለ።»

«ምነው መጀመሪያው ላይ አላደረጉት?»

አለበል ዘጠኝ ገጽ የሞላው እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ሄዱ።

«እኔ ፊልሙን አላየሁትም» አለች እፀገነት። «ቅዳሜ ከሰው ጋር ታዪዋለሽ ብሎኝ ነበር። እርስዎ አይተውታል። እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ባጃጇን ያገኛታል።»

«የት?»

«ኮሶዬ፣ ምግብ ቤቱ ጓሮ። ሙሽራዋ ውስጧ ተኝታለች።»

«ከዚያ ነድቷት ይገባል?»

«ቤንዚን የለም። ቢዞር ቢዞር ያጣል። ሙሽራዋን እንዳስቀመጠ ወደ ጎንደር መግፋት ይጀምራል። መጀመሪያ ብቻውን ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ያስቃል። ከዚያ አንድ ገበሬ ዝም ብሎ ከኋላ ይገፋለታል። ቀጥሎ አንዲት እንስራ የያዘች ሴትዮ እንስራዋን አስቀምጣ። በየመንደሩ ሰው ይወጣል። ሲደበድቡት የነበሩት ሌቦች ራሳቸው መጥተው ይገፋሉ። መጨረሻ ላይ መንገዱ ሞልቷል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ አንድ ቃል የሚናገር የለም፤ ሁሉም እየገፋት ከተማው...»

አለበል ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። የራሱን ድምፅ ሰማ፤ ሰባተኛው ነጥብ ትዝ አለው። ይኸን ቦታ በላፕቶፑ ሲያይ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ እያበራ ስለነበር፣ ሦስቱም ቶሎ እንዲያልቅ ነበር የፈለጉት። ማስታወሻው ላይ ምንም አልጻፈበትም።

እፀገነት ማኪናዎቹ የሄዱበትን አስፋልት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በጆሮው አጠገብ፣

«ይኸንንስ ጽፈውታል?» አለችው።

«አይ። ይኸን አላየሁትም ነበር።»

በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ዞር ብላ አየችው፤ ርቆ ነው ያለው። ምሳ ዕቃውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«እንግዲህ አደራ» አለችው። «ለሰው እንዳይነግሩ።»